ምዕራፍ ስድስት፦ የናላው እስትንፋስ

በሕይወት ከሚወለዱ አንድ ሺህ ሕፃናት መካከል ስምንቱ ወይም ዘጠኙ ያህል ልባቸው ከተለመደው የተፈጥሮ ሥርዓት በአንድ ነገር ተለይቶ ይወለዳሉ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ አድገውና ጠንክረው ወደ ሐኪም ለመቅረብ ጊዜ የሚያገኙ፣ አንዳንዶቹም ጨርሶ ሕክምና የማያሻቸው ሲሆኑ፣ ጥቂቶቹ ግን ገና የእናታቸውን ወተት በወጉ ሳይጠግቡ ልባቸው በሐኪም እጅ ካልታረመ በቀር በዚህ ዓለም ለመቆየት ተስፋ የሌላቸው ናቸው። ከእነዚህ ጥቂቶች አንዱ፣ ከልብ የሚነሡት ሁለቱ ታላላቅ ደም ቅዳዎች ስፍራ ተለዋውጠውበት የተወለደው ሕፃን ነው። በማኅፀን ሳለ ኦክስጅኑን የሚቀበለው ከእንግዴ ልጁ ስለነበረ ምንም አልጎደለበትም፤ እትብቱ ተቆርጦ በራሱ ሳንባ መተንፈስ ከጀመረ በኋላ ግን፣ ከሳንባ ኦክስጅን ይዞ የተመለሰው ቀይ ደም መልሶ ወደ ሳንባ፣ ከአካል ኦክስጅኑን ጨርሶ የመጣው ጠቆር ያለ ደም ደግሞ መልሶ ወደ አካል ይዞራል፤ ሁለቱ ደሞች የሚቀላቀሉበት አንዳች ቀዳዳ በልቡ ውስጥ ባይኖር አንዲትም ቀን ባልሰነበተ ነበር።

በ1966 (በዚህ ምዕራፍ ዓመታቱን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ዊልያም ራሽካይንድ የተባለው የፊላደልፊያ ሐኪም፣ በቀጭን ቱቦ ጫፍ ላይ ያለች ትንሽ ፊኛ በደም ሥር አሳልፎ ወደ ልብ አስገብቶ፣ በዚያ ነፍቶ በኀይል በመሳብ ይህችን ቀዳዳ የማስፋት ዘዴ አገኘ፤ በ1975 ደግሞ በብራዚል ሀገር በሳኦ ፓውሎ ከተማ አዲብ ጃቴኔ ሁለቱን ደም ቅዳዎች ቆርጦ ወደየተገቢ ስፍራቸው በመመለስ ሰፋቸው። እነዚህን ሁለት ሰዎች ያነሣሁበት ምክንያት ሥራቸው ስለሚደነቅ ብቻ አይደለም፤ ልብ በእነርሱና በመሰሎቻቸው ጥበብ ሊታረም መቻሉ ከታወቀበት ቀን ጀምሮ፣ ቀድሞ ያልተጠየቀ አንድ ጥያቄ የግድ መጠየቅ ስለነበረበት ነው፤ ይኸውም ልቡ በሚታረምበት ሰዓት አንጎሉ ምን ይሆናል የሚል ነው።

እንዲህ ያለውን የልብ ሥራ፣ ልብ እየመታና ደም እየጎረፈበት ሳለ መሥራት አይቻልም። ስለዚህ የሕፃኑን ደም ወደ ልቡ ከመግባቱ በፊት በቱቦ ተቀብሎ፣ ኦክስጅን ሰጥቶ፣ መልሶ ወደ አኦርታ፣ ማለት ለአካል ሁሉ ደም ወደሚያከፋፍለው ታላቅ ደም ቅዳ፣ የሚገፋ መኪና ያስፈልጋል፤ ቀዶ ሐኪሙ ጆን ጊቦን ከብዙ ዓመታት ድካም በኋላ በ1953 በፊላደልፊያ በዚህ መኪና ለአንዲት ወጣት ቀዶ ሕክምና አድርጎ ልጅቱ ድና ወደ ቤቷ ተመልሳለች። የአራስ ልጅ ልብ ግን እጅግ ትንሽ ነውና፣ በተለይም የአኦርታው ቅስት በሚታረምበት ጊዜ ቱቦዎቹ ራሳቸው ለቀዶ ሐኪሙ እጅ እንቅፋት ስለሚሆኑ፣ ሐኪሞች ሌላ የሚያስፈራ መንገድ ለመከተል ተገደዱ፤ የሕፃኑን ሰውነት እስከ 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ አቀዝቅዘው፣ መኪናውን ጭምር አቁመው፣ ደም በማይዞርበት ሰውነት ላይ መሥራት ጀመሩ። በኒውዚላንድ በኦክላንድ ከተማ ብራያን ባራት ቦይስና ባልደረቦቹ በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ መጀመሪያ ይህን ዘዴ በሕፃናት ላይ በሰፊው ሥራ ላይ ካዋሉት በኋላ፣ ቀድሞ በሞት ይወሰዱ የነበሩ ብዙ ሕፃናት ሊተርፉ ቻሉ።

ይሁን እንጂ ብርዱ የአንጎልን ፍላጎት እጅግ ይቀንሳል እንጂ ፈጽሞ አያጠፋውም። በጎልማሳ ሰው አንጎል የክብደቱን ሃምሳኛ እጅ ያህል ብቻ ሲሆን በአራስ ልጅ ግን ከአሥር አንዱን እጅ ያህል ይይዛል፤ ይህም ክፍል ከአካል ሁሉ ይልቅ ኦክስጅንን የሚሻ፣ ለክፉ ቀን የሚሆን ስንቅም በውስጡ ማኖር የማይችል ነው። ጡንቻ ያለ ኦክስጅን ጥቂት ሊታገሥ ይችላል፤ ኩላሊት ሥራውን አቁሞ ኋላ ሊመለስበት ይችላል፤ የአንጎል ሕዋሳት ግን በተለመደው የሰውነት ሙቀት የደሙ ዝውውር በተቋረጠ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ መጎዳት ይጀምራሉ፤ የሞቱትንም የሚተካቸው የለም።

የዚህን ነገር ክብደት ለማወቅ የፈለጉ የቦስተን የሕፃናት ሆስፒታል ሐኪሞች፣ ከ1988 እስከ 1992 ድረስ ደም ቅዳዎቻቸው የተለዋወጡባቸውን 171 ሕፃናት በዕጣ ለሁለት ከፍለው፣ ለአንደኛው ወገን በአመዛኙ የደሙን ዝውውር ፈጽሞ በማቆም፣ ለሁለተኛው ወገን በአመዛኙ መኪናው ደሙን በዝግታ እያዞረ እንዲቆይ በማድረግ ቀዶ ሕክምናውን ፈጸሙላቸው፤ ከዚያም ሕፃናቱን አልረሷቸውም፤ አንድ ዓመት፣ አራት ዓመት፣ ስምንት ዓመት፣ በመጨረሻም አሥራ ስድስት ዓመት ሲሆናቸው እየጠሩ መረመሯቸው። እኔ ይህን ሥራ ከዘመናዊ ሕክምና ታላላቅ የትዕግሥት ሥራዎች አንዱ አድርጌ እቆጥረዋለሁ፤ የሐኪሙ ኀላፊነት ቁስሉ በሻረበት ቀን የሚያበቃ አለመሆኑን በተግባር ያሳየ ነውና። ዝውውሩ ፈጽሞ የቆመባቸው ሕፃናት በአንድ ዓመታቸው በእንቅስቃሴ ከጓደኞቻቸው ወደ ኋላ ቀርተው ተገኙ፤ በስምንት ዓመታቸው ደግሞ ዝውውሩ የቆመበት ጊዜ ከ41 ደቂቃ ገደማ ካለፈ በኋላ ጉዳቱ ከደቂቃው ጋር አብሮ እየጨመረ እንደሚሄድ ታየ፤ ሁለቱም ወገኖች ግን በትምህርት፣ በንግግርና አሳብን በመሰብሰብ ረገድ ከእኩዮቻቸው የሚያንሱበት ነገር አልጠፋም።

ጥፋቱን ሁሉ በመኪናውና በብርዱ ላይ መጫን ግን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። በ2007 የታተመ የሳን ፍራንሲስኮ ሐኪሞች ጥናት እንደገለጸው፣ ልባቸው ክፉኛ ከታመመባቸው አራሶች ከሦስት አንዱ ያህሉ ገና ቀዶ ሕክምናው ሳይጀመር በአንጎላቸው ላይ ጉዳት ይዘው ተገኝተዋል፤ ሌሎችም ተመራማሪዎች የእነዚህ ሕፃናት አንጎል በዘጠኝ ወራቸው የተወለዱ ሆነው ሳለ በብስለቱ አንድ ወር ያህል ቀድሞ የተወለደ ልጅን አንጎል እንደሚመስል አሳይተዋል። እንግዲህ ወደ ቀዶ ሕክምናው ክፍል የሚገባው አንጎል ከመጀመሪያውም ስስና ያልጸና ነው፤ በተለይ ነጩ የአንጎል ክፍል የኦክስጅንን ጉድለት መታገሥ የማይችልበት ዕድሜ ላይ ነው።

ይህ ሁሉ እየሆነ ሳለ አንጎል ራሱ አንዲት ቃል አይናገርም። ንቁ የሆነ ሰው ወደ ራሱ የሚወጣው ደም ሲያንስበት ዞረብኝ ይላል፣ ዐይኑ ይጨልማል፣ ይወድቃል፤ ሰመመን ውስጥ ያለ ሕፃን ግን አያለቅስም፣ አይንቀሳቀስም፣ ዐይኑንም አይገልጥም። ስለዚህ ሐኪሞች ለብዙ ዘመን የአንጎልን ሁኔታ የሚገምቱት ከሌላ አካል ምልክት ተነሥተው ነበር፤ የደም ግፊቱን ይለካሉ፣ ሽንቱን ይመለከታሉ፣ ከደም ሥሩ ጥቂት ደም ቀድተው ይመረምራሉ። በ1974 ታኩኦ አዮያጊ የተባለው ጃፓናዊ መሐንዲስ መንገዱን የከፈተለት፣ ዛሬ በየሆስፒታሉ በጣት ላይ ቆንጠጥ ተደርጎ የሚታየው የኦክስጅን መለኪያም ብዙ ሕይወት ያተረፈ ነው፤ ነገር ግን ይህ መሣሪያ የደም ቅዳውን ደም ከሌላው የሚለየው በልብ ትርታ ስለሆነ፣ ልብ ቆሞ መኪናው ደሙን ያለ ትርታ በሚገፋበት ጊዜ የሚይዘው ነገር አጥቶ ዝም ይላል። ደግሞም በሚሠራበት ሰዓት እንኳ የሚነግረን ወደ አካል የተላከውን እንጂ አንጎል የተቀበለውንና የተጠቀመበትን አይደለም።

ለዚህ ችግር መፍትሔው የመጣው ከብርሃን ነው። በእንግሊዝ ሀገር ያስተምር የነበረው ሊቅ ጆርጅ ስቶክስ በ1864፣ ደምን የሚያቀላው ሄሞግሎቢን ኦክስጅን ሲይዝና ሲያጣ ብርሃንን የሚውጥበት መንገድ የተለያየ መሆኑን ገልጦ ነበር፤ የደም ቅዳ ደም ደማቅ፣ የደም መልስ ደም ጠቆር ብሎ ለዐይን የሚታየውም ስለዚህ ነው። ነገር ግን ለዐይን የሚታየው ብርሃን በቆዳና በአጥንት ውስጥ ብዙ ሳይጓዝ በደሙ ተውጦ ይቀራል፤ ከቀዩ ብርሃን እጅግ የራቀውንም ጨረር በሰውነት ውስጥ ያለው ውኃ ይውጠዋል። በእነዚህ በሁለቱ መካከል፣ የሞገዱ ርዝመት ከ700 እስከ 900 ናኖሜትር በሆነው፣ ታሕተ ቀይ ከሚባለው ወገን ለዐይን በሚቀርበው ጨረር ዘንድ ግን፣ ደምም ውኃም እጅግ የማይከለክሉት አንድ ጠባብ በር ተከፍቶ ይገኛል። በአሜሪካ በሰሜን ካሮላይና፣ በዱክ ዩኒቨርሲቲ ይመራመር የነበረው ፍራንስ ዮብሲስ የበሬ ሥጋ አጥንት ወደ ብርሃን አንሥቶ ሲመለከት ቀዩ ብርሃን በአጥንቱ ውስጥ እንደሚያልፍ ልብ አለ፤ አጥንት ብርሃንን የሚያሳልፍ ከሆነ የራስ ቅልም ሊያሳልፈው ይችላል ብሎ አሰበ፤ በ1977ም ታሕተ ቀይ ጨረር ቆዳና አጥንት ሳይቆረጥ የሕያው አንጎልን የኦክስጅን ሁኔታ ሊነግረን እንደሚችል የሚያሳየውን ጽሑፉን አወጣ። ሰው ሁሉ በማዕዱ ላይ ሲያየው የኖረውን አጥንት እርሱ በተመራማሪ ዐይን ማየቱ ነው ነገሩን የከፈተው።

ከዚህ ጥበብ አስቀድመው የተጠቀሙት አራሶች መሆናቸው ያለ ምክንያት አይደለም። የአዋቂ ሰው የራስ ቅል ወፍራም ነው፤ የአራስ ልጅ ቅል ግን ስስ፣ እርግብግቢቱም ገና ያልተጋጠመ፣ ጭንቅላቱም ትንሽ ስለሆነ ብርሃኑ ሩቅ ሳይሄድ አንጎሉን ያገኘዋል። በ1985 በዚያው በዱክ ያሉ ሐኪሞች ያለጊዜያቸው በተወለዱ ሕፃናት ላይ ሞከሩት፤ በሚቀጥለው ዓመት በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ እነጆን ዋያት፣ ማርክ ኮፕ፣ ዴቪድ ዴልፒና ኦስመንድ ሬይኖልድስ በታመሙ አራሶች አንጎል ውስጥ ያለውን የኦክስጅን ለውጥ በቁጥር መለካት መቻላቸውን አስታወቁ።

የመሣሪያው አሠራር ከረቂቅነቱ ጋር ለማስተዋል የሚከብድ አይደለም። በሕፃኑ ግንባር ላይ ለስለስ ያለ ተለጣፊ ይደረጋል፤ በተለጣፊው አንድ ዳር ጨረሩን የሚያበራ ትንሽ መብራት፣ በሌላው ዳር ደግሞ ተመላሹን ብርሃን የሚቀበሉ ሁለት ተቀባዮች፣ አንዱ ቀረብ፣ ሁለተኛው ራቅ ብለው ይገኛሉ። ወደ ራስ የገባው ጨረር በሕዋሳት መካከል እየተጋጨና እየተበተነ በቅስት መንገድ ይመለሳል፤ ወደ ቅርቡ ተቀባይ የሚደርሰው በአብዛኛው በቆዳና በአጥንት ያለፈው ሲሆን፣ ወደ ሩቁ የሚደርሰው ግን ጠልቆ በአንጎሉ ላይኛ ክፍል ያለፈው ነው። እንግዲህ ከሩቁ የቅርቡን በመቀነስ የቆዳውንና የአጥንቱን ድርሻ አስወግዶ የአንጎሉን ማስቀረት ይቻላል፤ የሞገድ ርዝመታቸው የተለያየ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ጨረሮች ስለሚላኩም፣ ኦክስጅን ከያዘውና ካልያዘው ሄሞግሎቢን የትኛው ምን ያህል እንደ ሆነ ይሰላል። ውጤቱ ከመቶ የሚነበብ አንድ ቁጥር ሆኖ በየጥቂት ሴኮንዱ በመስኮቱ ላይ ይታያል።

ይህ ቁጥር በጣት ላይ ከሚነበበው ቁጥር ጋር አንድ እንዳይመስለን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ጨረሩ በሚያልፍበት የአንጎል ክፍል ውስጥ ካለው ደም ከአራት ሦስቱ እጅ ያህል ኦክስጅኑን ሰጥቶ የሚመለስ፣ አንዱ እጅ ብቻ ገና ኦክስጅን ይዞ የሚደርስ ነው ተብሎ ይታሰባል። ስለዚህ መሣሪያው በይበልጥ የሚያነበው አንጎል ከተጠቀመ በኋላ የተረፈውን ነው፤ የጤናማ አራስ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ከ60 እስከ 80 ሲሆን፣ ልቡ ታምሞ ደሙ በጠቆረ ሕፃን ዘንድ ከ40 እስከ 60 ባለው መካከል መገኘቱ የተለመደ ነው። የመሣሪያውም ዋጋ በዚህ ላይ ነው፤ የገባው ምን ያህል እንደሆነ ብቻ ሳይሆን፣ የገባው ከሚያስፈልገው ጋር መመዛዘኑን ይመሰክራል። የፊኛው ሕክምና ለተደረገላቸው፣ ደም ቅዳዎቻቸው ለተለዋወጡባቸው አራሶች ይህ ቁጥር ቀዳዳው ከሰፋ በኋላ ወዲያው በጥቂቱ፣ በማግሥቱም በይበልጥ ከፍ እያለ መሄዱ ታይቷል።

የትርጓሜ መምህራን አንዱን ንባብ አንድም እንዲህ ነው፣ አንድም እንዲያ ነው እያሉ እንደሚያፍታቱት፣ ይህንም ቁጥር የሚያነብ ሐኪም አንድምታውን ማወቅ ይገባዋል። ቁጥሩ በቀዶ ሕክምናው መካከል ሲወርድ፣ አንድም የደም ግፊቱ አንሶ ወደ ራስ የሚወጣው ደም ጎድሎ ነው፤ አንድም ከራስ የሚመለሰውን ደም የሚቀበለው ቱቦ ተጣምሞ ወይም ከደም መልሱ ግድግዳ ጋር ተጣብቆ፣ ደሙ በአንጎል ውስጥ ታቁሮ ነው፤ አንድም መኪናው አስቀድሞ በሚሞላበት ፈሳሽ ምክንያት ደሙ እጅግ ቀጥኖ፣ ኦክስጅን ተሸካሚው ሄሞግሎቢን አንሶ ነው፤ አንድም ሕፃኑ ከመጠን በላይ እንዲተነፍስ ተደርጎ፣ በደሙ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለ ወረደ የአንጎል ደም ሥሮች ጠበው ነው፤ አንድም ሰመመኑ ሳስቶ ወይም ሙቀቱ ከፍ ብሎ አንጎሉ የሚፈጀው በዝቶ ነው፤ አንድም ተለጣፊው ራሱ ከግንባሩ ተላቆ ነው። መድኀኒቱ ለእያንዳንዱ ሌላ ሌላ ነው፤ ቱቦው ተጣምሞ ሳለ የደም ግፊትን የሚያወጣ መድኀኒት መስጠት ሕፃኑን የሚጠቅመው ነገር የለም።

ከእነዚህ ሁሉ የቱቦው ነገር ሊተኮርበት የሚገባ ይመስለኛል፤ ሌሎቹ ምልክቶች ሁሉ ደኅና ነው እያሉ አንጎል ብቻውን የሚጎዳበት አስረጅ ነውና። ደም ከላይኛው አካል የሚመለስበት ቱቦ በተዘጋ ጊዜ የታችኛው ቱቦ ብዙውን ደም ስለሚቀበል፣ መኪናው ያለ ችግር ይዞራል፤ በክንድ ወይም በእግር የሚለካው የደም ግፊትም እንደ ነበረ ይቆያል። በአንጎል ውስጥ ግን መውጫ ያጣው ደም ግፊቱን ከፍ ያደርጋል፤ ግፊቱ ከፍ ባለ መጠን አዲስ ደም ለመግባት ይቸገራል፤ በግንባሩ ላይ ያለው ቁጥር ወዲያው ማሽቆልቆል ይጀምራል። ሰመመን ሰጪው ሐኪም ይህን አይቶ ለቀዶ ሐኪሙ ሲነግረው፣ ቀዶ ሐኪሙ ቱቦውን በጣቱ ጥቂት መለስ ያደርገዋል፤ ቁጥሩም ይመለሳል። ያለ መሣሪያው ግን ይህ ስሕተት መኖሩ የሚታወቀው ሕፃኑ ከሰመመኑ ሲነቃ፣ ምናልባትም ከዓመታት በኋላ ትምህርት ቤት ሲገባ ነው።

በብርዱ ጊዜ ደግሞ ቁጥሩ ያልተጠበቀ መንገድ ይሄዳል። ሰውነቱ በቀዘቀዘ መጠን የአንጎሉ ፍላጎት ስለሚያንስ፣ የሚተርፈው ኦክስጅን እየበዛ ቁጥሩ ከ90 በላይ ሊወጣ ይችላል፤ ዝውውሩ በቆመ ጊዜ መጀመሪያ በፍጥነት፣ ኋላም በዝግታ ይወርዳል፤ ከ20 እስከ 40 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥም ከዚያ በታች የማይወርድበት ደረጃ ላይ ይደርሳል። ይህን መቆም ዕረፍት አድርጎ መተርጎም ብርቱ ስሕተት ነው፤ ቁጥሩ የቆመው አንጎሉ ፍላጎቱን ስለጨረሰ ሳይሆን ሊወስደው የሚችለውን ሁሉ ወስዶ ስለጨረሰ ነውና። ከላይ የጠቀስሁት የቦስተኑ 41 ደቂቃ ከዚህ ጊዜ ጋር መቀራረቡ የአጋጣሚ ነገር አይመስለኝም። የፒትስበርግ ሐኪሞች በ2000 እንዳሳዩት፣ የአኦርታው ቅስት በሚታረምበት ጊዜ ወደ ቀኙ ክንድና ወደ ራስ በሚሄደው ደም ቅዳ በኩል ጥቂት ደም ብቻውን ወደ አንጎል ማዞር ይቻላል፤ ይህም ደም በእርግጥ መድረሱን ከመሰከሩላቸው ነገሮች አንዱ ይኸው የግንባሩ መሣሪያ ነበር።

የመሣሪያው ድካም ካልተነገረ ግን ሐተታው ሐሰት ይሆናል። ጨረሩ ከግንባሩ ሥር ሁለት ሴንቲሜትር ገደማ ብቻ ስለሚጠልቅ፣ አስቀድሞ የሚጎዳውን ጠለቅ ያለውን ነጭ ክፍል በሚገባ አያየውም፤ የኋለኛውን አንጎል ጨርሶ አያውቀውም። የተለያዩ ፋብሪካዎች የሠሯቸው መሣሪያዎች በአንድ ሕፃን ላይ የተለያየ ቁጥር ሊሰጡ ይችላሉ። በቀዘቀዘ ደም ውስጥ ሄሞግሎቢን ኦክስጅኑን አጥብቆ ስለሚይዝ፣ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ሕዋሳቱ ግን ሊራቡ ይችላሉ። ከሁሉ የሚያሳዝነው ደግሞ፣ ክፉኛ የተጎዳ አንጎል ኦክስጅን መጠቀም ስለሚያቆም፣ ሳይነካ የቀረው ደም ቁጥሩን ከፍ አድርጎ የሚያሳይ መሆኑ ነው፤ በወሊድ ጊዜ በታፈኑ አራሶች ላይ የተደረጉ ጥናቶች፣ ከአንድ ቀን በኋላ ቁጥራቸው ከልክ በላይ የወጣ ሕፃናት ፍጻሜያቸው የከፋ እንደነበረ አሳይተዋል። ስለዚህ ዝቅ ያለውን ብቻ ፈርቶ ከፍ ያለውን ያለ ምርመራ ማመስገን አይገባም።

ይህ መሣሪያ ሕፃናትን ከጉዳት ያድናል ወይ ለሚለው ጥያቄ ማስረጃው አንድ ወገን ብቻ አይደለም። በ1997 በአሜሪካ በሉዊቪል ከተማ ኧርል ኦስቲንና ባልደረቦቹ፣ ይህን መሣሪያ ከአንጎል ኤሌክትሪክ መመርመሪያና ከደም ፍሰት መለኪያ ጋር አብረው የተጠቀሙባቸውን 250 የልብ ሕመምተኛ ልጆች መርምረው ነበር፤ ለውጥ ታይቶባቸው ወዲያው እርዳታ ከተደረገላቸው መካከል ጉልህ የአንጎል ጉዳት የደረሰባቸው 6 ከመቶ ሲሆኑ፣ ለውጥ እየታየባቸው እርዳታ ካልተደረገላቸው ግን 26 ከመቶ ተገኙ። ልዩነቱ ታላቅ ነው፤ ነገር ግን ልጆቹ በዕጣ ስላልተከፈሉ፣ እርዳታ ያልተደረገላቸው ከመጀመሪያውም ሊረዱ የማይችሉ ነበሩ ብሎ መከራከር ይቻላል። በሌላው ወገን ደግሞ፣ በኮፐንሃገኑ ሐኪም በጎርም ግሬይሰን መሪነት በብዙ ሀገሮች 1601 እጅግ ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት በዕጣ ተከፍለው፣ ለእኩሌቶቹ በመሣሪያው ምክር ሕክምና ተደረገላቸው፤ በ2023 በታተመው ውጤት ሞት ወይም ከባድ የአንጎል ጉዳት በመሣሪያው ወገን 35.2 ከመቶ፣ በተለመደው ሕክምና ወገን 34.0 ከመቶ ሆኖ ጉልህ ልዩነት አልተገኘም። እነዚህ ግን የልብ ሕመምተኞች አልነበሩም፤ በመኪና ላይም አልተደረጉም፤ ደማቸውም አልቆመም።

እኔ ሁለቱን መዝኜ የደረስሁበት አሳብ ይህ ነው። አደጋው ቀስ እያለ በብዙ ቀን በሚመጣበት ስፍራ የመሣሪያው ጥቅም ሊሰወር ይችላል፤ በሁለት ሰዓት ውስጥ አንዲት ቱቦ በመጣመሟ የአንድ ሰው የዕድሜ ልክ አእምሮ በሚወሰንበት ስፍራ ግን፣ ሌላ ምስክር በሌለበት ሰዓት የተገኘውን አንድ ምስክር አለመስማት ለእኔ በሕሊና የሚከብድ ነገር ነው። ሆኖም ምስክሩ የሚጠቅመው ዳኛ ሲኖር ነው፤ ቁጥሩ ከመነሻው በአምስተኛ እጅ ቢወርድ ወይም ከ50 በታች ቢሆን ማን ምን እንደሚመለከት፣ በምን ቅደም ተከተል እንደሚሠራ አስቀድሞ ያልተነጋገረ ክፍል መሣሪያውን ቢገዛ የሚያገኘው የሚጮኽ ደወል ብቻ ነው።

ጥበቃው በቀዶ ሕክምናው ማብቂያ አያበቃም። በዊስኮንሲን በሚልዋኪ ከተማ የሚገኙ የሕፃናት ልብ ሐኪሞች፣ ግራ ልባቸው ሳያድግ የተወለዱትንና ዊልያም ኖርውድ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ባሳወቀው ዘዴ የተሠራላቸውን አራሶች በጽኑ ሕሙማን ክፍል ሲጠብቁ፣ ሁለተኛ ተለጣፊ በሕፃኑ ወገብ ላይ በኩላሊቱ አንጻር ማድረግ ጀመሩ። ሰውነት ደም ባነሰው ጊዜ ከኩላሊትና ከአንጀት ቀንሶ ለአንጎል ለማድላት ይሞክራልና፣ የወገቡ ቁጥር ከግንባሩ ቀድሞ ሲወርድ ልብ እየደከመ መሆኑን የደም ግፊቱ ሳይወድቅ አስቀድሞ ይናገራል፤ በሌሊት ተረኛ ሆና አልጋው አጠገብ ለምትቆም ነርስ ይህ ከጥቂት ሰዓት በፊት የደረሰ ማስጠንቀቂያ ማለት ነው።

ለእኛ ለጥቁሮች አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። የጣቱ መለኪያ በጥቁር ሕመምተኞች ዘንድ ኦክስጅን የጎደለውን ሰው ደኅና አስመስሎ የማሳየቱ ነገር ከነጮች ሦስት እጥፍ ያህል ሆኖ መገኘቱን በ2020 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ገልጧል፤ የግንባሩ መሣሪያ ደግሞ በአንጻሩ፣ በልብ ቀዶ ሕክምና ላይ ባሉ አዋቂ ጥቁር አሜሪካውያን ዘንድ ከነጮቹ ዝቅ ያለ ቁጥር ማሳየቱ ተዘግቧል። የአራስ ልጅ ቆዳ ገና የሚያጠቁረው ሜላኒን ስላልበዛበት ነገሩ ሊቀልል ቢችልም፣ እያንዳንዱን ሕፃን ሰመመን ሳይሰጠው ከተነበበው ከራሱ መነሻ ጋር ማስተያየት፣ ከሌላ ሀገር ሕፃናት ከተወሰደ ልክ ጋር ከማስተያየት የተሻለ መሆኑን ይህ ያጠናክራል።

በዶክተር በላይ አበጋዝ ጥረት በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የተቋቋመው የልብ ሕክምና ማዕከል፣ እንዲሁም ልጆቻችንን ለብዙ ዓመታት ተቀብሎ በሚያክመው በእስራኤል ሀገር በሆሎን ከተማ ባለው ሆስፒታል የሚሠራው የበጎ አድራጎት ድርጅት ለብዙ ኢትዮጵያውያን ልጆች ሕይወት ሆነዋል፤ ይሁንና በሀገራችን ልባቸው ታምሞ ከሚወለዱት ብዙዎቹ ሕመማቸው የሚታወቀው ዘግይቶ ነው። የግንባሩ ተለጣፊ አንድ ጊዜ ተሠርቶበት የሚጣል፣ ዋጋውም የማይናቅ ስለሆነ፣ ገንዘቡ ጥቂት የሆነ ሆስፒታል ከዚህ ይጀምር ብዬ አልመክርም፤ አስቀድሞ በየወሊድ ክፍሉ አራስ ሁሉ ወደ ቤቱ ሳይሄድ በጣቱ መለኪያ በቀኝ እጁና በእግሩ ይመርመር፤ በቀዶ ሕክምናው ክፍል የደሙ ውፍረት፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱና የሰውነቱ ሙቀት በትጋት ይጠበቅ፤ የአራሶችን ልብ የሚከፍት ክፍል በተቋቋመ ጊዜ ግን፣ መኪናው ከሚገዛበት ገንዘብ ጋር የዚህም መሣሪያ ዋጋ አብሮ ይቆጠር።